«በእኛ ጊዜ» የተባለው ሕመም በኮልፌ ቀራኒዮ፦ አነሳሱ፣ ምልክቱና ስርጭቱ

ይህ ሕመም በጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ አይገኝም። ካርድ አይወጣለትም፤ መድኃኒት አይታዘዝለትም፤ ያዘኝ ብሎ የመጣም ሰው የለም፤ ታማሚው የታመመው እሱ ሳይሆን ዘመኑ ይመስለዋልና። ሰውዬው ጤነኛ ሆኖ ያድርና ጠዋት ታክሲ ውስጥ የተከፈተውን ዘፈን ሰምቶ ራሱን እየነቀነቀ «በእኛ ጊዜ እኮ…» ይላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህን ዓረፍተ ነገር ሲጀምር እንጂ ሲጨርስ የሰማው የለም።

አጥኚው ለምርመራው ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማን የመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የሚኖረው እዚያው ስለሆነ የትራንስፖርት በጀት አያስፈልገውም። ሁለተኛው ታሪካዊ ስለሆነ ዘርዘር ማለት አለበት።

በ1954 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ ላይ አንድ ደቡብ አፍሪካዊ ጠበቃ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ለውትድርና ሥልጠና ገቡ። ኔልሰን ማንዴላ ናቸው። 43 ዓመታቸውን አልፈው 44 ሊደፍኑ የቀናት ጉዳይ ነበር፤ በዛሬው የሰፈራችን ልማድ ሰው ከወንበር ሲነሳ «እፍፍ» ማለት የሚጀምርበት ዕድሜ ነው። በማስታወሻቸው እንደጻፉት፣ ሥልጠናው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ይቀጥላል፤ ታጥበውና ምሳ በልተው ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት እንደገና ይሠለጥናሉ፤ ከዚያ እስከ ምሽት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ስለ ጦር ሳይንስ ያስተምሯቸዋል። በመሃሉ መሣሪያ፣ ጥይትና ውሃ ተሸክሞ በዳገት በቁልቁለት መጓዝ አለ። ስድስት ወር እንዲቆይ የታሰበው ሥልጠና በሳምንታት የተቋረጠው ጉልበታቸው ስለከዳቸው አይደለም፤ ድርጅታቸው ወደ አገር ቤት ስለጠራቸው ነው። ሐምሌ 29 ቀን ተያዙ፤ የቀረውን ዓለም ያውቀዋል።

አጥኚው ይህን ያነሳው ለማነጻጸሪያ ነው። ዛሬ በዚያው አካባቢ፣ በዚያው ዕድሜ ላይ ያለ ሰው የእግረኛ ድልድይ ሲወጣ መሃል ላይ ይቆምና ስልኩን አውጥቶ በጽሞና ያያል። ማንም አልደወለለትም።

የጥናቱ ክልል ከጦር ኃይሎች ተነስቶ በአየር ጤና በኩል ዓለም ባንክን፣ በሌላ በኩል ቤቴልን፣ አጣና ተራንና 18 ማዞሪያን ያካትታል። (ዓለም ባንክ ስሙን ያገኘው በዓለም ባንክ ድጋፍ ከተሠሩት ቤቶች ነው። ከተጠያቂዎቹ መካከል ግን ከባንኩ ጋር የሚጻጻፍ አልተገኘም፤ ብድር ያለበት ሁሉ ያለበት ለባለ ሱቁ ነው።) ናሙናው የተወሰደው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ተቀምጠው ከተገኙ ወንዶች ነው። ሴቶች ያልተካተቱት በዚያ ሰዓት የተቀመጠች ሴት ስላልተገኘች ነው። መጠይቁ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ «እንዴት ነው?» የሚል። አጭሩ መልስ አንድ ማኪያቶ ፈጅቷል። ረጅሙን የመለሱት ሰው ሂሳቡን ለጥናቱ ትተው ሄደዋል።

ከሁሉ በፊት የዘፈኑ ግኝት ይቅረብ። ተጠያቂዎቹ ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሙዚቃ አልቋል። መቼ አለቀ በሚለው ላይ ግን አይስማሙም። በ1948 ዓ.ም. የተወለዱት አዛውንት ያለቀው ከዋልያስና ከዳህላክ ባንድ ጋር፣ በ1971 ገደማ እንደሆነ በእርግጠኝነት ተናግረዋል። በ1960 የተወለደው ጎረቤታቸው ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ ሮሃ ባንድ ገና እየተጫወተ፣ የኤፍሬም ታምሩና የነዋይ ደበበ ካሴት ገና እየተሸጠ እንዴት ያልቃል? ያለቀው በ1983 ነው። በ1975 የተወለደው የሁለቱንም ሽበት አክብሮ ዝም አለና አዛውንቱ ለመጸዳጃ ሲነሱ ወደ አጥኚው ጠጋ ብሎ፣ ነገሩ ያበቃው ከቴዲ አፍሮ «ያስተሰርያል» በኋላ መሆኑን በሹክሹክታ አስመዘገበ። እዚህ ላይ ጥናቱ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን መኪና እያጠበ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ፣ በ1987 የተወለደ ወጣት አንዱን ጆሮውን ነቅሎ «ከሮፍናን ‹ነጸብራቅ› ወዲህ እኮ የረባ ነገር አልወጣም» አለ። ሕመሙ በአሁኑ ሰዓት ወደ ሠላሳዎቹ ዕድሜ መውረዱ የተረጋገጠው በዚህ ጊዜ ነው።

ስሌቱን አንባቢ ራሱ ሊሠራው ይችላል። ከእያንዳንዱ ተጠያቂ የሙዚቃ ፍጻሜ ዓመት ላይ የትውልድ ዓመቱ ሲቀነስ ውጤቱ ሃያ ሦስት ወይም አንድ ዓመት ከፍ ዝቅ ያለ ነው። በአሜሪካ ሞሪስ ሆልብሩክና ሮበርት ሺንድለር የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ዘፈን በአማካይ 23 ዓመት ተኩል ገደማ ሳለ የወጣው መሆኑን ጽፈዋል። እነርሱ ለዚህ ዩኒቨርሲቲ አስፈልጓቸዋል። ኮልፌ ግን አንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጣ ደርሳበታለች።

የአጥኚው የራሱ ዘመን ከናሙናው የወጣው የእሱ ጊዜ ዘፈን በእውነትም ጥሩ ስለነበረ ነው።

የ1971ዱ ሰው ቃል ግን ጥቂት ማጣራት ያስፈልገዋል። «እስኪነጋ እንጨፍር ነበር» ብለዋል፤ እውነት ነው። ያን ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር ጭፈራ ቤት የገባ ሰው ሳይነጋ ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም ነበር። በትዝታቸው ውስጥ ሙዚቃው አለ፣ ባንዱ አለ፣ ያቺ ልጅ አለች፤ መንገድ ላይ የቆመው ጠባቂ ብቻ ጠፍቷል። ይህ የሕመሙ ዋና ባሕርይ ነው፤ ከድሮው ቀን ላይ ወታደሩን፣ ወረፋውንና የጥርስ ሕመሙን አንስቶ የቀረውን ያስቀምጣል። የ1983ቱም ሰው እንዲሁ ነው። ካሴቱን ያወድሳል። ካሴቱን ለመስማት ድንጋይ ባትሪውን ፀሐይ ላይ ማስጣቱን፣ አልሆን ሲል በጥርሱ መንከሱን፣ ያም አልበቃ ብሎ ኤፍሬም መሃል ላይ ድምፁ እየጎተተ እንደ ቄስ መናዘዝ መጀመሩን ግን አላነሳም።

ወርቃማ የሚባለውን ዘመንም ማን እንደሠራው መጠየቅ ተገቢ ነው። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ፣ ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ መብት ነው የሚለውን ደንብ ችላ ብሎ የራሱን ድርጅት ከፈተና ሸክላ ማውጣት ጀመረ። ቀድሞ ካስቀረጻቸው ዘፋኞች አንዱ ዓለማየሁ እሸቴ ነው፤ በኤልቪስ ፕሪስሊ ዓይነት ጸጉሩና አለባበሱ የሚታወቀው ዓለማየሁ። ዛሬ የዚህን ሰው ዘፈን ስልኩ ላይ ጭኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ አንድ የቤቴል ነዋሪ ጥናቱ በተካሄደበት ቀን ልጁን «ይሄን ጸጉርህን ካልተቆረጥክ ቤቴ እንዳትገባ» ብሎታል። በሁለቱ ጉዳዮች መካከል ግንኙነት ይኖር እንደሆነ ሲጠየቅ «ምን አገናኘው?» ሲል መልሷል።

የሕመሙን ደረጃ ለመለካት አጥኚው ሁለት መሣሪያዎች ሠርቷል። የመጀመሪያው የሞንታርቦ ርቀት ይባላል። ሠርግ ድንኳን ውስጥ አንድ ሰው ከሞንታርቦው ስንት ወንበር ርቆ እንደተቀመጠ ይቆጠራል። ሃያዎቹ ላይ ያለ ሰው ሞንታርቦውን ተደግፎ ይበላል። በሠላሳዎቹ ያለው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይገኛል። ከአርባ አምስት በላይ ያለው መግቢያው አጠገብ «አየር እንዲነፍስብኝ» ብሎ ይቀመጣል፤ ከስልሳ በላይ የሆነው ከድንኳኑ ውጭ ቆሞ የመኪና ማቆሚያውን ሁኔታ ይቆጣጠራል። ሰው እየበሰለ ሲሄድ ጆሮው በመጀመሪያ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ መሆኑን የሕክምና ሰዎች ይናገራሉ። ስለዚህ ዘፈኑ ጮኸ፣ ቃሉ ግን አይሰማም ይላል፤ ዘፋኙ ቃል አጥቶ ሳይሆን ሰሚው ቃሉን የሚለይበትን አጥቶ ሊሆን ይችላል። ይህን መላምት ለተጠያቂዎች ለማስረዳት የተደረገው ሙከራ «ምን አልክ?» በሚል ጥያቄ ተቋርጧል።

መሣሪያው ችግር የሚገጥመው ዲጄው ጉራግኛ ሲከፍት ነው። ኮልፌ ውስጥ ጉራግኛ ተከፍቶ መቀመጥ ነውር ስለሆነ ርቀቱ ሁሉ ይፈርሳል፤ መኪና ሲቆጣጠር የነበረው ሳይቀር ይገባል። ለመጀመሪያው ዙር እግርና እጅ ይስማማሉ። ሁለተኛው ዙር ላይ ጭብጨባው ይቀጥላል፣ እግሩ ግን ይዘገያል። ሦስተኛው ዙር ሲጀመር ከአርባ አምስት በላይ ያሉት ሁሉ ስልክ ይደወልላቸዋል። በዚያች ደቂቃ የኔትወርኩ ጥራት የሚያስደንቅ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ የክትፎ ቴርሞሜትር ሲሆን፣ ጥናቱ ያለ ሐፍረት ትልቅ ግኝት ብሎ የሚያቀርበው ይኸኛውን ነው። በኮልፌ ጉራጌውም ስልጤውም ብዙ ስለሆነ ክትፎ እዚህ የበዓል ምግብ ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚመዘንበት ነው። ጣባው ይመጣል፤ ቆጮው፣ አይቡ፣ ጎመኑ ዙሪያውን ይሰለፋል። አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ «ጥሬ ነው ለብ ለብ?» ይላል። የሰውዬውን ዕድሜ ለማወቅ የልደት ምስክር ወረቀት አያስፈልግም፤ መልሱን መስማት ይበቃል። «ጥሬ!» ብሎ ሬስቶራንቱ ሁሉ እንዲሰማ የሚጮኽ ከሠላሳ አምስት በታች ነው። «ለብ ለብ» ብሎ በመደበኛ ድምፅ የሚያዝ አርባዎቹን ጀምሯል። አስተናጋጁን በክንዱ ስቦ «ለብ ለቡን ትንሽ ጠንከር አድርገው፣ ቅቤውን ደግሞ ቀነስ» ብሎ በጆሮው የሚነግር ሃምሳ ሞልቶታል፤ ከጓደኞቹም ውስጥ ይህን ማንም እንዲያውቅበት አይፈልግም። ከዚያ በኋላ ጥብስ፣ ከጥብስ ቅቅል፣ ከቅቅል ሾርባ ነው። አጥሚት ላይ ሲደረስ ክቡ ይገጥማል፤ ሰውየው ሲወለድ እናቱ የጠጣችውን ይጠጣል።

ይህ ለውጥ ሲከሰት ታማሚው ምክንያቱን በራሱ ላይ አያደርግም። «የዛሬ በሬ ሥጋው ጣዕም የለውም» ይላል። በሬው የሚበላው ተለወጠ፣ ሥጋ ቆራጩ ሙያውን አያውቅም፣ ሚጥሚጣው ውስጥ ሌላ ነገር ይቀላቅላሉ። በሌላ በኩል ሐኪም ቤት የተደረገለት ምርመራ ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር ከፍ ማለቱንና የአውራ ጣቱ ሌሊት ሌሊት ማበጥ ሪህ መሆኑን ያሳያል። በዚህ ጊዜ አንድ ሊጠና የሚገባው መንፈሳዊ ክስተት ይታያል። ሃያ ዓመት ሙሉ ዓቢይ ፆምን በግማሽ የጾመው ሰው ድንገት ረቡዕና ዓርብን ያጠብቃል፤ በፍልሰታ ይቆርባል፤ ጥቂት ቆይቶ የፈቃድ የሆነውን ፆመ ጽጌን ይጀምራል። ሙስሊሙ ጎረቤቱም ከረመዳን ሌላ ሰኞና ሐሙስን ይይዛል። ሐኪሙ፣ የንስሐ አባቱና ሸኹ ተገናኝተው አያውቁም። ሦስቱም ግን ቀይ ሥጋ ቀንስ ማለታቸው ሳይንስና ሃይማኖት የሚስማሙበት ቦታ ኮልፌ ውስጥ ልኳንዳ ቤት በር ላይ መሆኑን ያመለክታል።

ለታማሚው ፍትሕ ሲባል አንድ ነገር መመዝገብ አለበት። ስለ ዋጋ ሲናገር አልታመመም። «በእኛ ጊዜ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር» ሲል ልክ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ መቶን ካለፈው ምንዛሪ ጋር ሲያስተያየው ቢያዝን አይፈረድበትም። ያን ጊዜ ዶላር በዓይኑ አይቶ እንደሆነ ሲጠየቅ ግን «ኧረ አላየሁም፣ ይዞ መገኘትማ ያሳስር ነበር» ብሏል። ዳቦ አነሰ የሚለውንም አጥኚው ራሱ ከበላው በኋላ ተስማምቶበታል፤ ቀንሷል። እዚህ ላይ ሌላ ምርመራ አላስፈለገም።

ስለ ቦታም እንዲሁ ነው። ከተጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ወጣትነታቸውን ያሳለፉት በኮልፌ ሳይሆን ፒያሳ ነው፤ ቁርጥ የበሉት፣ ዘፈን የሰሙት፣ ከጠብ የሸሹት ዶሮ ማነቂያ ነው። ዶሮ ማነቂያ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። አንድ ሰው «እዚህ ጋ እኮ…» ብሎ ጣቱን ሲቀስር ጣቱ የሚያርፈው ሰፊ የእግረኛ መንገድና አዲስ የተተከለ አበባ ላይ ከሆነ ሕመሙና መረጃው ሊለዩ አይችሉም። አጥኚው እነዚህን ሰዎች በታማሚነት ለመመዝገብ ብዕሩን አንስቶ መልሶ አስቀምጦታል።

ስለ ሕመሙ የመደበቂያ ዘዴዎች ብዙ ማለት ይቻላል፤ ሁሉንም የሚበልጠው ግን የካላንደር ሂሳብ ነው። በ1962 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በ2018 ዕድሜው 56 ነው። ይህ ሰው ግን ፓስፖርት ላይ የተጻፈውን የትውልድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1970ን፣ ያነሳና ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ካላንደር 2018 ላይ ይቀንሰዋል። 48 ይመጣለታል። ሁለቱም ቁጥሮች ከታመነ ሰነድ የተወሰዱ ስለሆኑ ውሸታም ማለት አይቻልም። ሌላው ዓለም ለወጣትነት ሲል ቆዳውን ያስወጥራል፣ ጸጉሩን ያስተክላል። እኛ አንድ መቀነስ በቂያችን ነው።

ሂሳቡ የሚፈርሰው አውቶቡስ ውስጥ ነው። ሰውዬው ብረቱን ይዞ ቆሞ፣ አርባ ስምንት ዓመቱን አምኖ ሳለ አንዲት ተማሪ ከወንበሯ ትነሳና «አባባ፣ ይቀመጡ» ትለዋለች። ተጠያቂዎቹ በሙሉ የመጀመሪያዋን ቀን ከነአውቶቡሱ ቁጥር ያስታውሷታል። ሦስት ዓይነት ምላሽ ተመዝግቧል፤ «ወራጅ ነኝ» ብሎ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ያለ ጉዳይ የወረደ፣ ለመነሳት ያሰበችበትን ምክንያት ልጅቷን የጠየቀ፣ እና ዝም ብሎ የተቀመጠ። የተቀመጠው እስከ ዛሬ ተቀምጧል፤ ደስተኛም እሱ ብቻ ነው። የታክሲ ረዳቶች በዚህ ረገድ ወጥ አሠራር የላቸውም። ያንኑ ሰው ጠዋት ጦር ኃይሎች ላይ «ብራዘር ጠጋ በል»፣ ማታ ዓለም ባንክ ላይ «ፋዘር ሂሳብ» ይሉታል። በአንድ ቀን ውስጥ ይህን ያህል ማርጀት ለጤና ጥሩ አይደለም።

ከሕመሙ ያመለጠ ሰው ይኖር እንደሆነ አጥኚው ፈልጓል። ከክፍለ ከተማው ውጭ አንድ ተገኝቷል። ማሕሙድ አሕመድ በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር በሚሌኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን ሲያቀርብ 83 ዓመቱ ነበር። በእሱ ዘፈን የተዳሩት፣ በእሱ ዘፈን የተለያዩት፣ በዕድሜ ልጆቹ የሚሆኑት ተጠያቂዎች ያን ምሽት በቴሌቪዥን ሊያዩት አስበው ከሦስት ሰዓት በኋላ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ተናግረዋል። እሱ መድረክ ላይ ቆሞ፣ እነርሱ ሶፋ ላይ ተጋድመው ማለት ነው። በማግስቱ ግን ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ እንደ ማሕሙድ ያለ ዘፋኝ ዛሬ የለም ብለዋል። ማሕሙድ የዘፈነው ግን ትናንት ማታ ነበር።

የጥናቱ ምክረ ሐሳብ አጭር ነው። ሠርግ የምትደግሱ ሰዎች፣ ጉራግኛውን ከሁለተኛው ዙር ላይ አቁሙት፤ ኔትወርኩ ይረፍ። አስተናጋጆች፣ «ጥሬ ነው ለብ ለብ?» የሚለውን ጥያቄ በሰው ፊት አትጠይቁ። ረዳቶች፣ ብራዘር ካላችሁ እስከ ማታ ብራዘር በሉ። አንተ ደግሞ ዘንድሮ ሃያ ሦስት ዓመት የሞላህ ልጅ፣ ይህን ጽሑፍ አባትህ ስላነበበልህ ብቻ የሰማኸው፣ አሁን የምትሰማቸውን ዘፈኖች ስም ጽፈህ አስቀምጥ። የዛሬ ሃያ ዓመት ልጅህን ለመውቀስ ዝርዝሩ ያስፈልግሃል።